ጉልበትን ማሳረፍ ወይስ ጭንን ማጠንከር፤ ስለ ጉልበት መጋጠሚያ ሕመም የተሰጠ ትምህርት

ዕድሜያቸው ከአምሳ ዓመት ካለፈ ሰዎች ጋር ጥቂት ተቀምጦ የተጫወተ ሰው ስለ ጉልበት ሕመም ሳይሰማ የሚነሣ አይመስለንም። አንዱ ከወንበር ለመነሣት በሁለት እጁ መደገፍ ግድ ሆኖበታል፤ ሌላይቱ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወርድ የልጅዋን ትከሻ ትይዛለች፤ ሦስተኛው ደግሞ ዱሮ በእግሩ ይመላለስበት የነበረውን ገበያ ትቶ ከቤት መዋልን መርጧል። የሕመሙን ምክንያት ቢጠየቁ መልሳቸው ልዩ ልዩ ነው። ብርድ መታኝ የሚል አለ፤ ሪህ ነው የሚል አለ፤ ቁርጥማት ነው፤ እርጅና ነው የሚልም አይታጣም። በመድኃኒቱ ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ እርሱም ጉልበትን ማሳረፍ ነው። ልጆችም ለወላጆቻቸው ያላቸውን ፍቅር የሚገልጡት ወንበር በማቅረብና «እማዬ፤ አትነሺ፤ እኔ አመጣልሻለሁ» በማለት ነው።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሰውየውን ከቤት የሚያስቀረው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ይኸው ዕረፍት ነው። መጋጠሚያው በዕድሜ ብዛት እየተጎዳ ሲሄድ ሸክሙን የሚያግዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ሥራ ካጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲሟሽሽ ጉልበቱ የባሰ ያማል፤ የባሰ ሲያም ሰውየው የባሰ ይቀመጣል። በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል የመጋጠሚያው ስም ብቻ ሳይሆን የኃይልም ስም መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ጭንን በምን ዓይነት እንቅስቃሴ ማጠንከር እንደሚቻል፤ እንቅስቃሴውም ምን ያህል መሆን እንደሚገባውና መቼ መቆም እንዳለበት እንገልጣለን። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ወላጆች፤ ሌሎችም አንባብያን ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቢያነቡላቸው ድካማችን ፍሬ አገኘ እንላለን።

የጉልበት አሠራርና የሕመሙ ጠባይ

ጉልበት ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ከላይ የጭን አጥንት ይወርዳል፤ ከታች የቅልጥም አጥንት ይቀበለዋል፤ ከፊት ደግሞ ሎሚ የሚባለው ክብ አጥንት ይሸፍናቸዋል። አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ ጫፎቻቸው ልም አጥንት በሚባል ነጭና አንሸራታች ሽፋን የተለበጡ ናቸው። ሥጋ ቤት የበሬ ጉልበት ሲፈታ ያየ ሰው በአጥንቱ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቀውን ነጭ ነገር ያስታውስ ይሆናል፤ እርሱ ነው። በመካከሉም እንደ እንቁላል ውሃ የሚያዳልጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከዚህ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹም ወደ ልም አጥንቱ የሚዘልቀው ጉልበት ሲጫንና ሲለቀቅ፤ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። እንግዲህ ጉልበትን ፈጽሞ ያሳረፈ ሰው ልም አጥንቱን ከምግቡ ከለከለው ማለት ነው።

ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ሕመም የሚታወቀው ይህ ሽፋን እየሳሳና እየሻከረ ሲሄድ ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት ይደድራል፤ በዳርና ዳሩም ትናንሽ የአጥንት ቅጥያዎች ይወጣሉ፤ መጋጠሚያውም አንዳንድ ጊዜ ተቆጥቶ ውሃ ይቋጥራል። ሕመምተኛው ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ ደርቆ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ድርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። ብዙ ሲሄድ፤ ይልቁንም ደረጃ ሲወርድ ያመዋል፤ ሲያጥፈውም ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ሪህ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ በድንገት፤ ብዙ ጊዜም በእግር አውራ ጣት ላይ፤ በሌሊት እንደ እሳት የሚያቃጥል ሕመም ነው። ብርድንም በተመለከተ፤ በክረምት ሕመሙ ይብስብኛል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም አናስተባብላቸውም፤ ዳሩ ግን ልም አጥንቱን ያሳሳው ብርዱ አይደለም። የታወቁት ምክንያቶች ዕድሜ፤ የሰውነት ክብደት፤ ከቤተሰብ የሚወረስ ጠባይ፤ በወጣትነት ጊዜ በኳስ ወይም በአደጋ የደረሰ የጉልበት ጉዳት፤ እንዲሁም ለብዙ ዓመታት ተንበርክኮና ቁጢጥ ብሎ ከባድ ሥራ መሥራት ናቸው። ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ያጠቃል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ይህ የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር በዓለም ላይ 365 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሕመሙ የአንድ አገር ወይም የአንድ አየር ጠባይ ሕመም አይደለም።

ስለ ራጅም አንድ ነገር እንናገር። ራጅ ተነሥተው «አጥንትዎ ተበልቷል» የተባሉ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ሲቀመጡ ይታያሉ። የራጁ መልክና የሕመሙ ብርታት ግን ሁልጊዜ አይተካከሉም። በራጅ እጅግ የተጎዳ ጉልበት ይዞ በደኅና የሚራመድ ሰው አለ፤ ራጁ ጥቂት ጉዳት ብቻ የሚያሳየው ሰው ደግሞ ደረጃ መውጣት ተስኖት ይገኛል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የጭኑ ጡንቻ ነው።

በጭን ፊት ያለው ትልቅ ጡንቻ አራት ክፍሎች አሉት። አራቱ ከታች አንድ ጅማት ሆነው ሎሚውን ይዘው ከቅልጥም አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ከወንበር ስንነሣ የሚያነሣን፤ ደረጃም ስንወርድ ቀስ አድርጎ የሚያወርደን እርሱ ነው። ሥራው በከባድ መኪና ላይ እንዳለ ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ የላላ መኪና ቁልቁለት ላይ እንደሚያስፈራ፤ ጭኑ የላላ ሰውም ደረጃ ሲወርድ ዱብ ዱብ ይላል፤ የእያንዳንዱ እርምጃ ክብደትም በቀጥታ በመጋጠሚያው ላይ ያርፋል። ይህ ክብደት ቀላል አይደለም። በበርሊን ከተማ የሚገኙ ሊቃውንት ሰው ሠራሽ ጉልበት በተተከለላቸው አምስት ሰዎች መጋጠሚያ ውስጥ መለኪያ መሣሪያ አኑረው ለክተውታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፤ በሜዳ ላይ ሲራመዱ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል፤ ደረጃ ሲወጡ ከሦስት እጥፍ በላይ፤ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ተኩል የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረጃ ሲወርድ አንዱ ጉልበቱ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው።

የተቆጣ መጋጠሚያ ደግሞ ሌላ ክፉ ጠባይ አለው። ጉልበት ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ነርቮቹ ለጭን ጡንቻ የሚያስተላልፉት ትእዛዝ ይደክማል፤ ጡንቻውም ሰውየው እያወቀ ሳይሆን በራሱ ይለግማል። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ተጠልፌ ልወድቅ ነበር የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው። በዚህ ምክንያት ጡንቻው በተራ የቤት ውስጥ ውሎ ብቻ ተመልሶ አይጠነክርም፤ ሆን ተብሎ መሠልጠን ያስፈልገዋል።

የሕክምና ሊቃውንት ከዚህ የደረሱት እንዴት ነው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ቶማስ ዴሎርም፤ ጉልበታቸው ተጎድቶ ጭናቸው የመነመነ ወታደሮችን ክብደት በማስነሣት ያሠለጠነበትን ዘዴ ለሐኪሞች ገልጦ ጻፈ። ከእርሱ በፊት ልማዱ ቀላል እንቅስቃሴን ብዙ ጊዜ መደጋገም ነበር። እርሱ ግን ጡንቻው የሚችለውን ያህል ክብደት ጥቂት ጊዜ እያነሣ፤ ኃይሉ ሲጨምር ክብደቱም እንዲጨመርለት አደረገ። የእርሱ ሕመምተኞች ወጣቶች ነበሩ። ይህ ለአረጋውያንና ላረጀ መጋጠሚያ ይሆናልን የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ1997 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ በዚያው በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያላነሰ 439 የጉልበት ሕመምተኞች ለአሥራ ስምንት ወራት ተከታትለው ታዩ። ከፊሉ በእግር የመራመድ፤ ከፊሉ ክብደት የማንሣት ልምምድ ሲያደርግ፤ የቀረው የጤና ትምህርት ብቻ ተሰጠው። ልምምድ ያደረጉት በሕመምም ሆነ በመንቀሳቀስ ችሎታ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ተሻሉ፤ መጋጠሚያቸውም በዚህ ምክንያት ባሰበት የሚያሰኝ ነገር በራጅ አልታየም።

ጥቅሙን ግን አጋነን አንናገርም። ኮክሬን የተባለው የሊቃውንት ማኅበር በ2015 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 54 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፤ እንቅስቃሴ ሕመምን ከመቶ ነጥብ በ12 ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። በ2024 ዓ.ም. ከመቶ የሚበልጡ ጥናቶችን የያዘው አዲሱ ምርመራ ደግሞ ጥቅሙ ከዚያ ጥቂት እንደሚያንስ አሳይቷል። ጡንቻን ማጠንከር የሳሳውን ልም አጥንት መልሶ አያበቅልም፤ ሕመሙንም ነቅሎ አያጠፋም። ሆኖም ጥቂት ቅነሳ የምትመስለው ነገር አንዲትን እናት ያለ ሰው ድጋፍ ከወንበር የምታስነሣ ከሆነች እኛ ትንሽ ናት አንልም።

ሌላም ጥናት ለአንባብያን የሚያስደስት ወሬ ይዞ መጥቷል። በ2021 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሞ በወጣ የአሜሪካ ጥናት፤ 377 ሕመምተኞች ለአሥራ ስምንት ወራት ታይተው፤ እጅግ ከባድ ክብደት የሚያነሡት ቀላል ክብደት ከሚያነሡት በሕመም መቀነስ አልበለጡም። ስለዚህ ብረት የሞላበት የስፖርት ቤት የሌለው ሰው ቀረብኝ ብሎ አይዘን። ወንበር፤ ግድግዳና አንድ ኪሎ ጨው ከማንም ቤት አይጠፉም።

አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ጉልበት

ከዚህ በታች የምንጽፈው ለማንኛውም የጉልበት ሕመም የሚሆን አይደለም። ጉልበቱ በድንገት አብጦ፤ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ያለበት ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ፤ መግል የቋጠረ መጋጠሚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላልና። ለብዙ ሳምንታት አንድ ጉልበቱ አብጦ የማይጎድልለት፤ ከዚህም ጋር የሚከሳ፤ ማታ ማታ የሚያልበውና የምግብ ፍላጎት ያጣ ሰው የሳንባ ነቀርሳ በመጋጠሚያው ገብቶ እንደሆነ መመርመር አለበት፤ ይህ በሽታ በሳንባ ብቻ የሚቀር አይደለም። ወድቆ እግሩን መርገጥ ያቃተው፤ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው፤ ባቱ በአንድ ወገን ብቻ አብጦ የሚያመው፤ ተኝቶም እንቅልፍ የሚነሣ የማያቋርጥ ሕመም ያለበት ሁሉ አስቀድሞ ይታይ። የልብ ሕመም ወይም ከፍ ያለ የደም ግፊት ያለበትም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የልምምዱ ሥርዓት

ብዙ ሰው የሚጠይቀን እያመመኝ ልንቀሳቀስን የሚለውን ነው። መልሱ በመጠኑ አዎን ነው። ሕመሙን ከአሥር ነጥብ እንለካው፤ ዜሮ ምንም ሕመም የሌለበት፤ አሥር ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ሕመም ይሁን። መምህራን ነጥብ መስጠት ልማዳቸው ስለሆነ ይህን ለሌሎች ማስረዳት አይቸግራቸውም። በልምምዱ ጊዜ ሕመሙ እስከ ሁለት ከሆነ ያለ ሥጋት ይቀጥሉ፤ እስከ አምስት ቢደርስ የሚቻል ነው፤ ከአምስት ካለፈ ግን ክብደቱ ወይም ቁጥሩ ይቀነስ። ሌላው መለኪያ ማግሥቱ ነው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሕመሙ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ደኅና ነው፤ ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ የትናንቱ በዝቷል ማለት ነውና የሚቀጥለው ይቀነሳል፤ ፈጽሞ ግን አይተውም። ጡንቻው ራሱ መድከሙና ጭን ላይ መዛል መሰማቱ ሕመም ሳይሆን የሥራ ምልክት ነው።

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን፤ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያረፉ ቢደረግ ይበቃል። ከመጀመር በፊት አምስት ደቂቃ ያህል በቤት ውስጥ ወይም በግቢ ወዲያ ወዲህ ማለት ደረቁን ጉልበት ያሟሟቀዋል። ትንፋሽን ይዞ ማማጥ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋልና ሲነሡ እየተነፈሱ፤ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ቢሆን መልካም ነው፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ጤነኛ የሚመስለውም እግር አብሮ ይሠራ።

ጉልበቱ እጅግ የሚያመው ሰው የሚጀምረው ጭንን በማጥበቅ ነው። በአልጋ ወይም በምንጣፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ከጉልበቱ በታች የተጠቀለለ ፎጣ ያደርጋል። ፎጣውን በጉልበቱ ለመጨፍለቅ እንደሚፈልግ ያህል የጭኑን ፊት አጥብቆ፤ አምስት እስኪቆጥር ይይዝና ይለቃል። እጁን በጭኑ ላይ ቢያኖር ጡንቻው ሲደድር ይሰማዋል። ይህ አሥር ጊዜ ይደጋገማል፤ ጉልበቱን ማጠፍ ስለሌለበት ላበጠ ጉልበት እንኳ የሚከብድ አይደለም። ፎጣው ግን ከልምምዱ በኋላ ይነሣ። ሌሊት ከጉልበት በታች ትራስ አድርጎ መተኛት ለጊዜው ደስ ቢያሰኝም ጉልበቱን አጣጥፎ ስለሚያደርቀው ከዚህ ልማድ መራቅ ይሻላል።

ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ እግርን ማንሣት ነው። አንደኛው ጉልበት ይታጠፍና እግሩ መሬት ይርገጥ፤ ሁለተኛው እግር ቀጥ እንዳለ ጭኑ ጠብቆ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ይነሣ፤ ሦስት ተቆጥሮ ቀስ ብሎ ይውረድ። መውረዱ ከመውጣቱ የዘገየ እንዲሆን እናሳስባለን፤ ፍሬኑ የሚሠለጥነው በመውረዱ ጊዜ ነውና። ይህ ሲቀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅልጥምን ቀጥ እስኪል መዘርጋት ይጨመራል። አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ችግር የዘረጋ ሰው ግማሽ ኪሎ ጨው በከረጢት አድርጎ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሠር፤ በኋላም አንድ ኪሎ ያድርገው። ሚዛን የሌለው ሰው አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ያስታውስ።

ከሁሉ ግን እኛ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ከወንበር መነሣትን ነው። በየቀኑ የምንፈልገው ነገር ይህ ስለሆነ፤ የጭኑን ፊት፤ ከቋንጃ በላይ ያለውን የጭን ኋላና መቀመጫውን በአንድነት ስለሚያሠራ ነው። የማይነቃነቅና መደገፊያ ያለው ወንበር ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይቁም። ሕመምተኛው ወደ ወንበሩ ዳር ቀረብ ብሎ ይቀመጥ፤ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ለያይቶ ተረከዞቹን ጥቂት ወደ ኋላ ይሳብ፤ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያዘንብልና ይነሣ። ብዙ ሰዎች ሳያዘነብሉ ቀጥ ብለው ለመነሣት ስለሚታገሉ ነው የሚያቅታቸው። ሲነሣም ሲቀመጥም ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እንዳይሰበሰቡ፤ ወደ እግሩ ሁለተኛ ጣት አቅጣጫ እንዲያመሩ ይጠንቀቅ። ሲቀመጥ እንደ ድንጋይ አይውደቅ፤ ሦስት እስኪቆጥር ቀስ ብሎ ይውረድ።

በመጀመሪያ ካቃተው ወንበሩ ላይ የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያንጥፍ፤ መቀመጫው ከፍ ባለ መጠን መነሣቱ ይቀላልና። በእጁም ጭኑን መደገፍ ይችላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብርድ ልብሱን ያንሣ፤ ከዚያ እጆቹን በደረቱ ላይ ያጣምር፤ ከዚያም ከሕመምተኛው እግር ይልቅ በደኅናው ላይ የመደገፍ ልማዱን ትቶ ክብደቱን በሁለቱ ላይ ያስተካክል። ስምንት ጊዜ ተነሥቶ ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፤ እንደገናም ስምንት ጊዜ መሥራት ለመነሻ ይበቃል፤ እስከ አሥራ ሁለት ጊዜና እስከ ሦስት ዙር ማድረስ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ እንናገር። ግድግዳ ይዞ በሁለቱ እግር ጣቶች ላይ መነሣት ባትን ያጠነክራል። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት የዳሌን ጎን ያጠነክራል፤ ይህ ጡንቻ ከደከመ በሚራመዱበት ጊዜ ወገብ ወደ ጎን ይወድቃል፤ ጉልበትም ይጣመማል። በመጨረሻ፤ ሌሎቹ ከቀለሉ በኋላ ብቻ፤ ከደረጃ የመጀመሪያይቱን እርከን መደገፊያ ይዞ መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ ይጨመራል።

መምህር የሆኑ አንባብያን ቀኑን ሙሉ በሰሌዳ ፊት ሲቆሙ እንደሚውሉ እናውቃለን። መቆም ልምምድ አይደለም፤ ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። በዕረፍት ሰዓት ጠረጴዛ ይዞ አሥር ጊዜ ተረከዝን ማንሣት፤ ተማሪዎች ሲወጡም ስምንት ጊዜ ከወንበር መነሣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አካል ማጎልመሻ ለልጆችና ለወታደሮች ብቻ የተሰጠ ነው የሚል ነውር በመካከላችን ስላለ፤ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ቢታይ ይሳቁብኛል ብሎ ያፍራል፤ በራችሁን ዘግታችሁም ቢሆን አድርጉት።

በቤትና በውጭ ሊጠነቀቁበት የሚገባ

በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፤ ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠብና ምጣድ ላይ ማጎንበስ ጉልበትን እስከ መጨረሻው ያጥፉታል። ቡናው ይቅር አንልም፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ይፈለግለት እንላለን። የሽንት ቤት መቀመጫም ለአረጋውያን ከፍ ቢልላቸው ወይም በግድግዳው ላይ መያዣ ቢበጅላቸው ከብዙ መውደቅ ያድናል። ስግደት የሚያበዙ ምእመናን ጉልበታቸው ባበጠበት ሰሞን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ሶላት የሚሰግዱም ለሕመምተኛ ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ መሆኑን ያውቃሉ። ከዘራ ወይም መቋሚያ የሚይዝ ሰው የሚይዘው በሚያመው እግር ወገን ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው፤ ከሚያመውም እግር ጋር እኩል ያራምደው። ይህን ተገላቢጦሽ የሚያደርጉ ሰዎች በየመንገዱ እናያለን።

ክብደቱ የበዛ ሰው ደግሞ ሌላ መድኃኒት በእጁ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገ ጥናት፤ ከሰውነት የሚቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ አሳይቷል። አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በአንድ እርምጃ ሃያ ኪሎ አራገፈ ማለት ነው፤ ከቤቱ እስከ ገበያው ያለውን እርምጃ ራሱ ይቁጠረው።

ዲክሎፌናክንና የመሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለወራት መዋጥ የጨጓራ ቁስል ያመጣል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊትንም ያባብሳል። ያበጠን ጉልበት በወጌሻ ማስጎተትና ማሳሸት ቁጣውን ይጨምረዋል። ፍል ውሃ ግን የሚያሳርፍ ስለሆነ አንነቅፈውም፤ ጡንቻን እንደማያጠነክር ብቻ ይታወቅ። ከፍል ውሃ በኋላ፤ ጉልበቱ ለስልሶ ሳለ፤ ልምምዱን ማድረግ እንዲያውም መልካም ጊዜ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኝበት ሐኪም ቤት ያለበት ከተማ ነዋሪ የሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች በባለሙያው ፊት ቢያደርግ ስሕተቱ ይታረምለታል።

ውጤቱ በሦስት ቀን የሚታይ አይደለም። በዴንማርክ አገር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዚህ ሕመም የተዘጋጀው ልምምድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆኖ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛም አንባብያን ከስድስት ሳምንት በፊት ፍርድ እንዳይሰጡ እንለምናለን። ፍርዱንም በስሜት ሳይሆን በቁጥር ለመስጠት፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ሰዓት ይዞ፤ ሕመምተኛው እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር ሙሉ በሙሉ እንደሚነሣ ይቁጠርለት። ያለ እጅ ድጋፍ አንድ ጊዜም መነሣት ካልቻለ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። ቁጥሩ፤ ቀኑና የሕመሙ ነጥብ በደብተር ላይ ይስፈር። ማንበብ ለማትችል እናት ደብተሩን ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅዋ ቢይዝላት፤ በስድስተኛው ሳምንት በዚያው ወንበር፤ በዚያው ሰዓት ተቆጥሮ ከፊተኛው ቁጥር ጎን ይጻፍ። ቁጥሩ ከጨመረ ልምምዱ በዚያው ይቀጥላል፤ የተተወ እንደሆነ ጡንቻው የያዘውን ስለሚለቅ ነው። ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ ደብተሩን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሐኪሙም ከብዙ ወሬ ይልቅ በዚያች ገጽ ይረዳል።